በልቼ ነው የወጣሁት

ድምፁ የመጣው ከበሩ ወዲያ ነበር። ወፍራም ነው፣ ዝግ ያለ፤ የበገና ትልቁ አውታር ተነክቶ ሲለቀቅ እንደሚለው ዓይነት። አንዴ እምምም አለ፣ ቆየ፣ ደግሞ እምምም አለ። አንዳርጌ ሰውየውን ሳያይ ክብደቱን ገመተ። ከእኔ ይበልጣል፣ መቶ ሰማንያ አያጣም ብሎ አሰበ። ትንሽ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ደስ ስላለው አፈረ።

የብቁነት ቢሮው ያለበት የሰባተኛው ፎቅ ወለል እንደዚያ ነበር። የረገጠውን ሁሉ ይመዝናል፣ በኪሎው ልክም ድምፅ ይሰጣል። የጽዳት ሠራተኞቹ ሲያልፉበት እንደ ክራር ይላል። አንዳርጌ ጠዋት ከአሳንሰሩ ወጥቶ ሲራመድ ከእግሩ ሥር የወጣውን ድምፅ ሰምቶ ደንግጦ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት እርምጃዎች በእግሩ ጣት ነበር የሄደው። በጣት መሄድ ግን ኪሎ አይቀንስም፤ ወለሉ ያንኑ አለ።

በሩ ተከፍቶ የገቡት ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቡኒ ካፖርት የደረቡ ሰው ነበሩ። ሁለት ወንበር ይዘው ተቀመጡ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ ናታን እባላለሁ አሉ። አንዳርጌም ስሙን ነገራቸው። ስንተኛህ ነው ብለው ጠየቁት። የመጀመሪያዬ ነው አላቸው። እሳቸው ሦስተኛቸው ነበር። በሃምሳ ዓመታቸው ጨጓራቸው እንዲጠብላቸው አመልክተው አይሆንም ተባሉ፤ አምስት ዓመት ጠብቀው ተመለሱ፣ አሁንም አይሆንም ተባሉ፤ ዛሬ ስልሳ ሞልቷቸው መጡ። አንዴ የተከለከለ ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላው እንደገና ማመልከት አይችልም።

«ወፍራም መሆን ቀላል እንዳይመስልህ» አሉት። «መንገድ ላይ ሕፃን ሳይቀር ያውቅልሃል። እዚህ ገብተህ ወፍራም ነኝ ስትል ግን ማስረጃ አምጣ ነው።»

አንዳርጌ ሳቀ፤ ሲስቅ ትንፋሹ ተቋረጠ። ጋሽ ናታን እስኪመለስለት ጠበቁት፣ ከዚያ በአገጫቸው ወደ ደረቱ አመለከቱና ልብ ነው ወይ አሉት። ልብ ነው አላቸው። ሐኪሙ በኅዳር ወር የነገረውን ነገራቸው። ልብህ የሚሠራው ለሁለት ሰው ነው፤ ጨጓራህ ተቆርጦ ካልጠበበ ሁለት ክረምት ታያለህ፣ ሦስተኛውን እንጃ ብሎት ነበር። ጋሽ ናታን ቀልዳቸውን ተዉት። የእኔስ ልብ የበሬ ነው፣ አምስት ዓመት ቢሉኝም እችላለሁ አሉ፤ ይህንንም ያሉት እንደ ማፈር እያላቸው ነው።

ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ጠየቁት። አፍህን ጠብቀሃል ወይ? አንዳርጌ በሚገባ አላቸው፤ ስድስት ወር ሙሉ በቀን ሁለቴ ብቻ ነው የበላሁት፣ ዘጠኝ ኪሎም ቀንሻለሁ አላቸው። ጋሽ ናታን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መብላቱን አይደለም ያልኩህ» አሉት። «አፍህን ነው።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳይጠይቃቸው ስሙ ተጠራ።

ውስጥ ምንጣፍ ነበር፣ ወለሉም ዝም አለ። መስኮቱ ሰፊ ነው። ደሴ ከታች በጭጋግ ተውጣ ነበር፤ ከጭጋጉ በላይ የጦሳ ተራራ ጫፍ ብቻውን ተንሳፍፎ ይታያል። ከጠረጴዛው ኋላ አንዲት ቀጭን፣ አርባ ዓመት የማትሞላ ሴት ተቀምጣለች። ሲስተር ዝማሬ እባላለሁ፣ የብቁነት መርማሪዎ ነኝ አለችው፤ ተቀመጡ አለችው፤ ወንበሩ ሰፊ ስለነበር አንዳርጌ አመሰገናት።

ብቁ መሆን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ቢሮ የተላከው ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ አንዳርጌም በቃሉ ያውቀዋል። ኪሎው መጠኑን ያለፈ መሆን አለበት፤ እሱ መቶ ስልሳ አንድ ነው፣ አልፏል። ስድስት ወር ራሱን የገታ፣ በቀን ከአራት ጊዜ በላይ ያልበላ መሆን አለበት። ቃሉ የሚታመን ሰው መሆን ደግሞ አለበት፤ ምክንያቱም ጨጓራው ከተቆረጠ በኋላ ሐኪሞቹ ዕድሜውን ሙሉ የሚከታተሉት እሱ የበላውንና ያልበላውን በሚናገረው ቃል ነውና።

ቀድሞ ካሜራ ነበር ይላሉ የሚያስታውሱት። በየቤቱ ማዕድ በላይ ይሰቀል ነበር። ሕዝቡ አሻፈረኝ አለ። ሰው ሲበላ አይታይም፤ ዓይን የወደቀበት እህል ሆድ ያማል፤ በዓለም ላይ ሁሉ የተቻለው ካሜራ እዚህ አገር በነጠላ እየተሸፈነ፣ በሰፌድ እየተጋረደ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ወረደ። በምትኩ ሰሚ መጣ። ሰሚ ከጆሮ ኋላ ይለጠፋል፣ ከምስር ፍሬ አይበልጥም፣ አያይም። የሚወስደው ቃልን ነው። ሰው በላሁ ካለ በልቷል። ይህን ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው፤ በቃላችን ታመንን ተባለ። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሆነው።

«በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ?» አለችው ሲስተር ዝማሬ።

«ሁለቴ። ጠዋት ቂንጬ፣ ማታ ጎመን በግማሽ እንጀራ።»

«መዝገቡ አሥራ አንድ ጊዜ ይላል።»

«በሳምንት?»

«በቀን።»

አንዳርጌ የሌላ ሰው መዝገብ ነው አለ። ስሙን አረጋገጠች፣ ሰፈሩ ቧንቧ ውሃ መሆኑን፣ ሥራው የቤት ውሃ ማጣሪያ መቀየር መሆኑን። ሁሉም የእሱ ነው። እንግዲያውስ ሰሚው ተበላሽቶ ይሆናል አለ። ሰሚው ባለፈው ወር ተመርምሯል አለችው። ከዚያ ጠረጴዛውን በጣቷ ነካችና መዝገቡ መናገር ጀመረ። የሚናገረው በአንዳርጌ በራሱ ድምፅ ነበር።

ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ፤ «ኧረ እናቴ፣ አሁን በልቼ ነው የወጣሁት።»

ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ፤ «ቁርሴን ጥግብ ብዬ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ሰኞ፣ አራት ሰዓት፤ «አይ፣ በልቼ ነው፣ እውነቴን ነው።»

ሰኞ፣ አምስት ሰዓት ተኩል፤ «ምሳዬን በላሁ እኮ፣ ጋሼ።»

አንዳርጌ አዳመጠ። አልገባውም፤ ድምፁ የእሱ ነው፣ ቃሉም የእሱ ነው፣ ቤቶቹንም ያውቃቸዋል። ሁለት ሰዓት ከሃያው ባለ ሰማያዊ በሯ ሴትዮ ናት፤ ማጣሪያውን ፈቶ ሲነሳ አነባበሮ በሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አራት ሰዓቱ የጡረተኛው መቶ አለቃ ነው። በቀን አሥር ቤት ይገባል፤ በየቤቱ እህል ሳትቀምስማ አትሄድም ይባላል፤ በየቤቱም እንዲህ ይላል። እናቱም እንዲህ ሲሉ ነው ያደጉት፣ የእናቱም እናት። የሰው ቤት ገብቶ ና ብላ ሲባል ዘሎ የሚቀመጥ ሰው ምን ይባላል?

አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች አንድ ነገር ማምጣታቸውን ሰምቶ ነበር። ብላ ሲባሉ ምንም አይናገሩም፤ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይላሉ። አንድ ቀን ወልዲያ ላይ አንድ ልጅ እንዲያ ሲያደርግ አይቶ ዲዳ መስሎት አዝኖለት ነበር። ጋሽ ናታን ያሉት አሁን ነው የገባው፤ ግማሹ ብቻ ግን።

«ይሄ እኮ መብላት አይደለም» አላት። «ይሉኝታ ነው።»

ሲስተር ዝማሬ አየችው። የማይገባት አልነበረችም፤ ደሴ ተወልዳ ደሴ ያደገች ነች፤ ከወገቧ ትንሽ ቀና አለችና እኔም ራሴ ብላ ጀመረች። ከጆሮዋ ኋላ ምስር የምታክል ነገር ነበረች። ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። አንዳርጌ በዚህ ተጽናና። ተረድታኛለች ብሎ አሰበ፣ ስለዚህ አለቀ።

አላለቀም። መዝገቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው አለችው። ያን ቃል በተናገሩ ጊዜ በልተው ነበር ወይስ አልበሉም? በልቼ ነበር ካሉ በቀን ከአራት ጊዜ በላይ በልተዋል፣ ራስዎን አልገቱም፣ ይከለከላሉ። አልበላሁም ካሉ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ሺህ ያህል ጊዜ ስለ መብላትዎ ሐሰት ተናግረዋል፣ ቃልዎ አይታመንም፣ ይከለከላሉ።

«ታዲያ የቱ ይሻለኛል?»

«ሁለቱም ያው ነው።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ዘጠኝ ኪሎ መቀነሱን አነሳ። በቀን አሥራ አንዴ የሚበላ ሰው እንዴት ይቀንሳል አላት። እሱንም መዝገቡ አይቶታል፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ብሎ አስቀምጦታል አለችው። መዝገቡ እሱ ዝም ባለ ቁጥር ንባቡን ይቀጥል ነበር። ማክሰኞ፣ ጠግቤ ነው። ማክሰኞ፣ አሁን ከማዕድ መነሳቴ ነው። ድምፁ ውስጥ ያለው ጥጋብ የሚያስቀና ነበር፤ የረካ፣ የተመቸው፣ ምንም ያልጎደለበት ሰው። እየሰማው ሄዶ ሄዶ ምላሱ ላይ የአነባበሮው ቅቤ የመጣበት መሰለው። ምናልባት በልቼ ይሆን? ብሎ አሰበ። ሰው አሥር ቤት በተርታ ሲገባ የቱ ቤት በላ፣ የቱ ቤት አልበላም፣ ማን ያስታውሳል? አሁን ራሱንም መጠራጠር ጀመረ።

ሲስተር ዝማሬ መዝገቡን አስቆመችው። አሁን አንተ ማለት ጀመረች፤ መጀመሯን ራሷም ያወቀች አትመስልም።

«ስማኝ» አለችው። «አንድ መንገድ አለ። የደንብ ቃል ይባላል።»

ተናጋሪው የማያምንበት፣ የተነገረውም ሰው ያላመነው፣ ሁለቱም ለወጉ ብቻ የተለዋወጡት ቃል የደንብ ቃል ተብሎ ይሰረዛል። ውሸትም አይሆንም፣ መብላትም አይሆንም። ሁሉም ቤት መጠየቅ የለበትም፤ ቃሉ ብዙ ጊዜ የተባለበት አንድ ቤት ይበቃል፣ የቤቱ ባለቤት ከመሰከረ የቀረው ተከትሎ ይሰረዛል። እሱ በብዛት የተናገረው አንድ በር ላይ ነው፤ ከመቶ ሰማንያው ቀን መቶ ሰባ አንዱን፣ ሁልጊዜ አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ።

«የቤቱ ባለቤት ደግሞ አብረውህ የመጡት እናት ናቸው» አለችው። «ታች ተቀምጠዋል አይደል?»

አንዳርጌ ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው። እማማ ኤልዳና ከሆኑማ አለቀ አላት።

እማማ ኤልዳና የግቢ ጎረቤቱ ናቸው፣ የስልሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ አንደኛ ደረጃ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያስተማሩ። አመልካች ሁሉ ባሕርዩን የሚያውቅ አንድ ጎረቤት ይዞ መምጣት ስላለበት ሲለምናቸው ሳያስጨርሱት እሺ ብለውት፣ ዛሬ ጠዋት የታጠበ ቀሚሳቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመው ነው ያገኛቸው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቀድሞ በዚያው ግቢ ሌላ ብቸኛ አሮጊት ነበሩ፣ እማማ ሊዲያ የሚባሉ። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ሰባት ቀን በተከታታይ ቤቱ ውስጥ ስለ እራት ሲናገር በሰሚው ካልተሰማ ራሱን መጦር አቅቶታል ተብሎ ወደ መጦሪያ ይወሰዳል። እማማ ሊዲያ ባለፈው ዓመት ተወሰዱ። መኪናው ሲመጣ ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ነበር፤ ሌላ ጫማ ላድርግ ቢሉም እዚያ ይሰጥዎታል ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም። እማማ ኤልዳና ስለዚያ ቀን አውርተው አያውቁም።

ሲገቡ ለሲስተር ዝማሬ ጎንበስ አሉ፣ አንዳርጌን ደግሞ ገና ሳይጠየቁ ያሸነፉ ይመስል በዓይናቸው ጠቀሱት። ሲስተር ዝማሬ ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ሰውየው በየማታው በልቼ ነው እያለ ነው ያለፈው፤ እርስዎ ግን አምነውት ነበር ወይ አለቻቸው።

«ምን አምኜ» አሉ እማማ ኤልዳና። «አንቺ ልጅ እናት አላሳደገችሽም? ሰው በልቼ ነው ሲልሽ ታምኛለሽ? የራበው ሰው ከግቢ በር ጀምሮ ያስታውቃል። ይሄ ደግሞ ቁመናውን አይተሽ፣ ሲርበው አገር ያውቃል።»

ሲስተር ዝማሬ ፈገግ አለች። አንዳርጌም ሳቀ፤ ትንፋሹ ቢያጥርም ግድ አልሰጠው። ጠረጴዛው ላይ አንድ አረንጓዴ መብራት በራ፤ መዝገቡ አላመኑም ብሎ ጻፈ። አለቀ መሰለ።

ከዚያ ሲስተር ዝማሬ ግንባሯን ቋጠረች። መዝገቡ ሁለተኛ ጥያቄ አምጥቷል። ቃሉን ያላመነ ሰው ግድ ይላል፤ በሞቴ ይላል፣ አፈር ስሆን ይላል፣ እጁን ይዞ ያስገባል፤ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ሦስቴ። በሌሎቹ ቤቶች የድምፅ ቅጂ ሁሉ ባለቤቶቹ ግድ ሲሉ፣ አንዳርጌም እምቢ ሲል ይሰማል። በእማማ ኤልዳና በር ግን መቶ ሰባ አንዱንም ቀን የጠሩት አንዴ ነው፣ እሱም የመለሰው አንዴ ነው። ለምንድነው?

«ለምን ማለት?» አሉ እማማ ኤልዳና።

ሲስተር ዝማሬ ድምፁን አሰማቻቸው። መጀመሪያ የግቢው በር ሲጢጥ ይላል። ከዚያ የእሳቸው ድምፅ ይመጣል፣ ከፍ ያለ፣ የክፍል ድምፅ፤ «አንዳርጌ፣ ና ግባ፣ እራት ቅመስ።» ከዚያ የእሱ፤ «በልቼ ነው፣ እማማ።» እማማ ከሚለው ላይ ግን መስኮቱ ተዘግቷል። ሌላ ቀን አሰማቻቸው፣ እንዲሁ ነው። ሌላም ቀን። መልሱ ሳያልቅ መስኮቱ ይዘጋል።

«እንዳልበላ እያወቁ» አለች ሲስተር ዝማሬ፣ እየከበዳት፣ «ለምን አላስገቡትም? ብርድ ነበር ይሆን? አሞዎት ነበር?» መልስ ልታቀብላቸው እየሞከረች እንደሆነ ያስታውቃል።

እማማ ኤልዳና መዳፋቸውን ቀሚሳቸው ላይ ዘርግተው እጥፋቱን ማቃናት ጀመሩ። ያልታጠፈውን ጭምር።

ለአንዳርጌ ነገሩ በዚያች ሰዓት ነበር የታየው። ከዚያ መስኮት ሽንኩርት ሸቶት አያውቅም። ስድስት ወር ሙሉ፣ ርቦት፣ አፍንጫው እንደ ውሻ ነቅቶ፣ ከአራተኛው ግቢ የሚንጣጣውን ዘይት ሳይቀር እየለየ ሲያልፍ፣ ከእማማ ኤልዳና ቤት የሚመጣው የሳሙና ሽታ ብቻ ነበር። ጽዱ ሴት ናቸው ብሎ ነበር የሚያልፈው። አንድ ቀን ማጣሪያቸውን ሊቀይር ገብቶ ምድጃው ላይ የአበባ ማሰሮ ተቀምጦ አይቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ለአንድ ሰው ምን ይበስላል፣ ሻይ በዳቦ ይበቃኛል ብለውት በሌላ ወሬ ቀየሩበት። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እራት ቅመስ ማለት የጀመሩት ደግሞ እማማ ሊዲያ ከተወሰዱ በኋላ ነው። ጥሪው ለእሱ ሳይሆን ከጆሯቸው ኋላ ላለችው ነገር ነበር። እሱ በልቼ ነው ባይል፣ አንድ ቀን ብቻ እሺ ብሎ ቢገባ፣ ምን ያቀርቡለት ነበር?

ማታ ማታ ሁለቱ በዚያ መስኮት የሚለዋወጡት ነገር ይኸው ነበር። እሳቸው የሌለ እራት ይጋብዙታል፣ እሱ ያልበላውን በላሁ ይላቸዋል፣ መስኮቱም ይዘጋል።

መዝገቡ ሦስተኛውን ጥያቄ ራሱ አነበበ። የሚመለሰው አዎ ወይም አይ ተብሎ ብቻ ነው። በተጠቀሱት ምሽቶች በቤትዎ እራት ነበር?

አይ ካሉ ነገሩ ሁሉ የደንብ ቃል ይሆናል፣ ይሰረዛል፣ አንዳርጌም ብቁ ነው፤ ነገር ግን መቶ ሰባ አንድ እራት የሌለበት ምሽት በእማማ ኤልዳና መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ሰባት ደግሞ ይበቃ ነበር። አዎ ካሉ እራት እያለ፣ እንደራበው እያወቁ፣ ሳያስገቡት ተዉት ማለት ነው፤ እሱን መዝገቡ አይቀበልም፤ አምነውት ነበር ማለት ነው ይላል፣ አንዳርጌም ይከለከላል። ሲስተር ዝማሬ ይህን ሁሉ አስልታ ጨርሳ ይሁን አይሁን አይታወቅም፤ ዓይኗን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳችም።

እማማ ኤልዳና አፋቸውን ከፈቱ።

«በልቼ ነበር» አለ አንዳርጌ።

ሁለቱም ዞር ብለው አዩት።

«ምን?» አለችው ሲስተር ዝማሬ።

«በልቼ ነበር እኮ። ከእሳቸው ቤት ከመድረሴ በፊት። መንገድ ላይ።» ድምፁ ያ የጠገበ ሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ፤ እሱ ራሱ ገረመው። «እሳቸው ምንም ጥፋት የለባቸውም። ፊቴን አይተው አውቀው ነው ግድ ያላሉኝ። የጠገበ ሰው ይታወቃል።»

«እንዳላመኑህ አሁን ተናግረዋል።»

«ለእኔ አዝነው ነው።»

ሲስተር ዝማሬ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ለልጅ እንደሚነገረው አድርጋ ነገረችው። ይሄ ከገባ አይወጣም። አምስት ዓመት ነው። የሐኪሙን ወረቀት አንብቤዋለሁ፣ አምስት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ረስቼው ነው በል፣ ተደናግሬ ነው በል፣ እጠብቅሃለሁ አለችው።

እውነትም ተደናግሮ ነበር። ያን ያለው ለእሳቸው አዝኖ ይሁን፣ ወይ የሰው ማሰሮ በአደባባይ ሲከፈት ማየት ከሞት ይልቅ አሳፍሮት ይሁን፣ ወይስ ሃያ ዓመት የለመደው አፍ ጭንቅ ሲመጣ ያንኑ ብቻ መናገር ስለሚያውቅ፣ እሱ አያውቅም። መልሶ ሊያነሳው ፈለገ። ልቡ ጆሮው ውስጥ ሲመታ ይሰማዋል። ሁለት ክረምት ብሎ አሰበ፤ አንዱ ደግሞ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«ርግጠኛ ነህ?» አለችው።

እማማ ኤልዳናን አያቸው። እሳቸው እሱን አያዩትም። ፊታቸው ላይ ያለውን ማንበብ ሞከረ፤ ቁጣ ነው አለ፣ ከዚያ አይደለም አለ፣ ከዚያ ለቅሶ ሊሆን ይችላል አለ፣ ከዚያ ተወው።

«አዎ» አላት።

አረንጓዴው መብራት ጠፋ። ሌላ መብራት አልበራም፤ አይሆንም ለሚለው መብራት አልተሠራለትም። ሲስተር ዝማሬ ወደ እማማ ኤልዳና ዞራ እናቴ፣ ሦስተኛው ጥያቄ አሁን አያስፈልግም፣ ቃልዎን ለመዝጋት ግን ስምዎን ብቻ ይንገሩኝ አለቻቸው።

እማማ ኤልዳና ተነሱ። የተቀመጡበትን ወንበር ገፍተው ከጠረጴዛው ጋር አስተካከሉት፣ አስተማሪ ክፍል ለቆ ሲወጣ እንደሚያደርገው። በአንዳርጌ ጎን አለፉ፣ አልነኩትም፣ አልተናገሩትም። ሲስተር ዝማሬ እናቴ ብላ ጠራቻቸው፣ ሁለተኛም ጠራቻቸው። በሩን ከፍተው ወጡ፣ ከኋላቸውም ቀስ አድርገው ዘጉት።

አንዳርጌ ወደ መስኮቱ ሄደ። ጭጋጉ ገለጥ ብሎ ነበር፣ ታች አስፋልቱ ይታያል። ብዙ ቆይቶ የእማማ ኤልዳና ነጭ ቀሚስ ከሕንፃው በር ወጣ፣ መንገዱ ዳር ቆመ፣ ግራና ቀኝ አየ። ወደ ሰፈራቸው፣ ወደ ቧንቧ ውሃ የሚሄደው አውቶቡስ የሚቆመው በግራ በኩል ነው። ቆሞም ነበር፣ በሩም ክፍት ነበር።

እሳቸው በቀኝ በኩል ሄዱ።